ሁዳዴን የጾሙ ውሾች

ሱሉልታ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለገመቺስ

እንደምን ሰንብተሃል? አካም ጅርታ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ሰላምታውን በዚሁ ልቋጨው፣ ተናድጃለሁና ከዚህ በላይ ማሳመር አልችልም።

«እትዬ፣ አይጨነቁ፣ እኛ ጋ ነው ያለው» ብለህ በስልክ የላክህልኝን መልእክት አየሁት። እንዴት ነው የማልጨነቀው? ስደውል አታነሳም። አንድ ሰው አንተ የምትሠራበት ማቆያ ያሉትን ውሾች በቪዲዮ ቀርጾ ከለቀቀ ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚገባው አሉኝ። እሺ ይሁን። ደብዳቤ የሚከለክል መመሪያ ግን ገና አላወጣችሁም መሰለኝ። ዱባለ በሳምንት ሁለቴ ከሰበታ ፉርሽካ ጭኖ ለላሞቻችን ያመጣል፤ መኪናው ባዶውን ሲመለስ ደብዳቤዬን ይዞልህ ይመጣል። መልስህንም በእሱ ላክልኝ። ደግሞ ደብዳቤ ይሻላል፤ በስልክ ስቆጣህ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ትዘጋብኛለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 29 ቀን ጠዋት ለጀዋሂር፣ ለዚያች ፊት ለፊታችን ሥጋ ቤት ላላት ጎረቤቴ፣ ወተት ላቀብል በሩን ስከፍት ሻምበል ሾልኮ ወጣ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። የእናንተ መኪና መጣ፣ ሁለት ሰዎች ወረዱ፣ በሽቦ ቀለበት አንገቱን አንቀው እየጎተቱ ጫኑት። «የክትባት ሪባን አስሬለታለሁ፣ አይታያችሁም ወይ?» ብዬ ጮኽኩ። አንደኛው «ማዘር፣ ወረቀት ይዘው ይምጡ» ብሎኝ የመኪናውን በር ጠረቀመው።

ሻምበል ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ባለቤቴ ጋሽ ብዙነህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃምሳ አለቃ ሆኖ ጡረታ ሲወጣ «እኔን ያልሾሙኝን ውሻዬን እሾመዋለሁ» ብሎ ነው ይህን ስም ያወጣለት። አንተ ከጫንጮ መጥተህ እኛ ቤት ሆነህ ስትማር፣ ቡችላ ሆኖ አንድ እግር ጫማህን የበላብህም እሱ ነው። ጋሽ ብዙነህ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ማታ ኮቴ ሲሰማ ቀና የሚልልኝ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

ባለቤቴ ክርስትና ያነሳህ፣ ያስተማረህ ልጅ ነህ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነሃል፤ ደግሞ ሰበታ ያለው ማቆያ ውስጥ ነህ። እንግዲህ ንገረኝ፣ ውሻዬን መቼ ነው የምትመልስልኝ?

አረጋሽ


ሰበታ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017

ለተከበሩ እናቴ ለእትዬ አረጋሽ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልኝ። ስልክ ባለማንሳቴ፣ መልእክቱም አጭር በመሆኑ በጣም ይቅርታ ይደረግልኝ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከቡራዩ ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው።

«አይተኸዋል ወይ?» ብለው ለዱባለ ለጠየቁት፣ አዎ፣ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ከሌሎች አምስት ውሾች ጋር ነው። አውቆኛል። ስጠራው ጅራቱን ቆላ። ትንሽ ከስቷል፤ ያው ቦታ ስለቀየረ ነው።

እትዬ፣ ነገሩ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ድሮ መርዝ በሥጋ ተደርጎ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ እርስዎም ያስታውሳሉ። አዲሱ መመሪያ መርዝን ከልክሏል። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም የተያዘ ውሻ እዚህ ይመጣል፤ በሰብዓዊ አያያዝ ይቆያል፤ ባለቤቱ የክትባት ካርድና የገንዳውን፣ ማለትም የቀበሌውን፣ ደብዳቤ አቅርቦ ይወስዳል። እኔ ይህ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነው እዚህ የተቀጠርኩት። ካርዱንና ደብዳቤውን በዱባለ ይላኩልኝ፤ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በኃላፊዬ ላይ አቤቱታ እጽፋለሁ ብለው ለዱባለ የነገሩትን ለጊዜው ይተዉልኝ። እኔ እስካሁን የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ቋሚ ይሆናሉ ከተባልነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ጫንጮ ያለችው እናቴ ድንቅቱም ይህንኑ ነው የምትጠብቀው።

አክባሪዎ ልጅዎ ገመቺስ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለገመቺስ

እንደምን አለህ? እንኳን ለደብረ ዘይት አደረሰህ። ካርዱ ይኸው። የገንዳው ደብዳቤም ይኸው፤ ሦስት ቀን አመላልሰውኝ ነው የጻፉት። መጀመሪያ ጸሐፊዋ የለችም፤ ቀጥሎ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «ለውሻ ነው እንዴ እንዲህ የሚለፉት?» አለኝ። አዎ፣ ለውሻ ነው አልኩት። በሩን የሚጠብቅልኝ አንተ አይደለህም አልኩት።

የምታበሉትን በዱባለ አፍ ጠይቄህ ነበር፤ መልስህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስለ መመሪያው ግማሽ ገጽ ጽፈሃል፣ ስለ ምግቡ አንድ መስመር የለም። ልጅ ሆነህ ፈተና ሲከብድህ የማታውቀውን ጥያቄ ዘለህ የምታውቀውን አሳምረህ ትጽፍ ነበር፤ መምህርህ ጠርተው ነግረውናል። አሁንም እንደዚያው ነው መሰለኝ።

ዱባለ ግን ነገረኝ። በር ላይ ደብዳቤዬን ሲያደርስ ከዘበኛው ጋር ተጨዋውቶ፣ ውሾቹ ዳቦ ብቻ ነው የሚሰጣቸው ብሎታል። ዳቦ! ሻምበል እኮ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ውሻ ነው።

እኔ ዘንድ ያለውን ልንገርህ። ሁዳዴ ነው፣ ወተት የሚጠጣ ክርስቲያን የለም። ሱሉልታ ሙሉ ላሞቹ ይታለባሉ፣ ሰው ይጾማል። የሚናጠው ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፤ አሬራውና አጓቱ ግን ቦታ አጥቶ ቦይ ይገባል። ትናንት ብቻ እኔ አንዷ ሁለት እንስራ ደፋሁ። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ጀሪካን አሬራ ልኬልሃለሁ፤ ሃያ ሃያ ሊትር ነው። ለሻምበል ብቻ አይደለም፤ ያሉት ሁሉ ይጠጡ። ጎረቤቶቼም እንሰጣለን ብለዋል። መኪናው እንደሆነ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ዱባለ ሳንቲም አልጠየቀም። በሳምንት ሁለቴ ልንልክላችሁ እንችላለን፤ እስከ ፋሲካ የእናንተን ግቢ እንቀልባለን።

ጀሪካኖቹን አጥበህ መልስልኝ።

አረጋሽ


ሰበታ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017

ለተከበሩ እናቴ ለእትዬ አረጋሽ

ጤና ይስጥልኝ። ጀሪካኖቹ ሳይከፈቱ ሲመለሱ እንዳዘኑ ዱባለ ነግሮኛል። እኔም አፍሬያለሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ የባሰ እያፈርኩ ነው።

በዱባለ አፍ ለላኩብኝ ጥያቄዎች ልመልስ። «ማን ነው የመለሰው?» ላሉት፣ ንብረት ክፍሉ ነው። ወደ መጋዘናችን የሚገባ ማናቸውም ነገር የገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚባለው፣ ሊቆረጥለት ግድ ነው። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚቆረጠው ደግሞ በውል ለተገዛ መኖ ነው። በስጦታ የመጣ አሬራ በየትኛው መደብ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። «አንድ ውሻ ቢሞት በምን ሞተ ይባላል? ደረሰኝ በሌለው ወተት ነዋ!» አሉ። እኔ «ሳይበላ ቢሞትስ?» ብዬ ነበር። ኃላፊው «አንተ ቋሚ መሆን ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

የምግቡን ነገር እንደዘለልኩት አውቀዋል፤ እውነት ነው። የመኖ ውላችን ከአንድ ቄራ ጋር ነው፤ ተረፈ ሥጋና አጥንት ያቀርባል ይላል። ቄራው ግን ከቅበላ ማግስት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ተዘግቷል። ውሉን ያረቀቀው ሰው ራሱ ጿሚ ነው፤ ሁዳዴ መኖሩን አላጣውም። ለውሾቹ ምን ይቀርባል የሚለውን ግን አላሰበበትም። ከእነ ጀዋሂር ሥጋ ቤት ለምን አትገዙም ላሉት፣ ሌላ አቅራቢ የሚገባው በጨረታ ነው፤ ጨረታ አርባ አምስት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ በጥቃቅን ወጪ ዳቦ ሲገዛ ነበር።

እመጣለሁ ያሉትን እባክዎ ይተዉት። ባለቤት ወደ ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ ይመልሱዎታል፤ በዚህ ጉልበትዎ ተንከራትተው ይቀራሉ። የሻምበል ፋይል ተሟልቷል፤ ኃላፊው ፈርሞ እስኪወርድ ነው የምጠብቀው።

አክባሪዎ ገመቺስ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ገመቺስ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ለጀዋሂር አነበብኩላት፤ ውሸት ነው ብላ አሳዩኝ አለች። ዒድ አልፎ ሥጋ ቤቷ በየቀኑ አጥንት ትደፋለች፤ ከአሬራዬ ጋር በአንድ ቦይ።

እንግዲህ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። እኛ ጾመናል። ስለጾምን ቄራው ተዘጋ። ቄራው ስለተዘጋ ውሾቹ ጾሙ። እኛ ስለጾምን የተረፈው ወተት ደግሞ ደረሰኝ ስለሌለው መሬት ጠጣው። ይህንን ሁሉ አድርጋችሁ በር ላይ «ሰብዓዊ አያያዝ» የሚል ሰሌዳ ሰቅላችኋል። እኔ ስጾም በዘጠኝ ሰዓት ማዕድ እንዳለ አውቄ ነው፤ ፈጣሪዬን ብዬ፣ ወድጄ ነው። እነዚያ ፍጥረታት ማንን ብለው ነው? ማንስ ጠየቃቸው? ያ መርዝ እንኳን በአንድ ሰዓት ይገድል ነበር! ደሜ ፈልቷል ገመቺስ። ቅዳሴ ቆሜ «ጾምን ቀድሱ» ሲባል እናንተ ግቢ ትዝ ይለኛል፤ ጸሎቴን አበላሻችሁት።

አሁን ደግሞ የእኔን ኃጢአት ልንገርህ፤ አንተ ስትደብቅ እኔም ደብቄያለሁና። ቅበላ አልፎ የክርስቲያኖቹ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ከሥራቸው የሚያድሩት ውሾች ተራቡ። በመንጋ ሆነው ተማሪ ማሯሯጥ ጀመሩ፤ አንዲት ልጅ ነከሱ። ሰፈሩ ተሰብስቦ «ይነሱልን» የሚል አቤቱታ ጻፈ። ሰባተኛው ፊርማ የእኔ ነው። መኪናችሁን የጠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። የጎረቤት ውሻ ሲወሰድ ዝም አልኩ፤ የእኔ ሲወሰድ ጮኽኩ። ውሾቹን ያስራበው የእኛ ጾም መሆኑን ግን ከሰላሳ ፈራሚ አንዳችን አላሰብንም፤ በየቤታችን ያለውን አሬራ አውጥተን ብናጠጣቸው ኖሮ ማንንም ባልነከሱ። ይህንን ለንስሐ አባቴም ነግሬአለሁ።

እኔ ነግሬሃለሁ፤ አሁን አንተ ንገረኝ። «ዳቦ ሲገዛ ነበር» ብለሃል። «ነበር» ነው ያልከው። መቼ ነው የቆመው? ሻምበል ከበላ ስንት ቀኑ ነው? ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ቁጥሩን ብቻ ጻፍልኝ።

አረጋሽ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017

ለተከበሩ እናቴ ለእትዬ አረጋሽ

ጤና ይስጥልኝ። የምሥራች ይዣለሁ። ኃላፊው ፈረመ። ሻምበል ይወጣል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የርክክብ ቅጽ አለ። ከታች፣ «ባለቤት» በሚለው ላይ ፈርመው ነገ በዱባለ ይመልሱልኝ፤ ውሻውን ራሱ ዱባለ ዓርብ ጭኖ ቅዳሜ ጠዋት ያስረክብዎታል። ቅጹ ላይ «ውሻውን በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» የሚል አለ። ሳያዩት እንዴት ይፈርማሉ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሁሉም የሚፈርመው እንደዚያው ነው፤ ካልተፈረመ አይወጣም። ከእርስዎ ፊርማ በላይ «ባለሙያ» በሚለው ቦታ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የጠየቁኝን ቁጥር ሻምበል ቤቱ ከገባ በኋላ እጽፍልዎታለሁ። እባክዎ እትዬ፣ አሁን እሱ ይውጣ። ስለ አቤቱታው ፊርማ ደግሞ ራስዎን አይውቀሱ።

አክባሪዎ ገመቺስ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ገመቺስ

ሕማማት ገብቷልና ሰላምታ የለም። ባይሆንም አልሰጥህም ነበር።

ሻምበል ትናንት በሆሣዕና ሞተ።

ፈርሜ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ሳላየው። ቅዳሜ ዱባለ ከመኪናው ተሸክሞ ሲያወርደው የሌላ ሰው ውሻ መስሎኝ «ተሳስተሃል» አልኩት። ጀርባው ላይ አጥንቱ ይቆጠራል። ሪባኑ አንገቱ ላይ ዞሮ ዞሮ ወድቋል። እኔን ሲያይ ግን ጅራቱን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ፤ ያኔ ነው እሱ መሆኑን ያመንኩት።

አንጀቴ አልቻለም። ነጠላዬን እንደለበስኩ ጀዋሂር ሥጋ ቤት ገባሁ። በሁዳዴ! ሰው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ጀዋሂር «እትዬ አረጋሽ፣ ጾሙን ፈቱት እንዴ?» ብላ ልትቀልድ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። ሁለት ኪሎ ከነስቡ ቆርጣ ሰጠችኝ፣ አጥንትም ጨመረችልኝ። ወስጄ ፊቱ አደረግሁት። በላ። እያለቀሰ ነው የበላው ብልህ ታምነኛለህ? ሲጨርስ አሬራ ሰጠሁት፤ ያንንም ጨረሰ። ደስ አለኝ። ተረፈልኝ አልኩ። እሑድ ጠዋት እንደገና አበላሁትና ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ዘንባባዬን ይዤ ስመለስ በጎኑ ተኝቶ ሆዱ ተነፍቶ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጀዋሂርም መጣች። ወዲያ ወዲህ ስንል ቀትር ላይ አረፈ። ጓሮ፣ ከጊደሮቹ ማሰሪያ ወዲያ ቀበርነው፤ የቆፈረው ዱባለ ነው።

እሱ ነው የነገረኝ። የገዛ አጎቱ በረሃብ ጊዜ እንደዚሁ በልቶ ሞቷል። ብዙ የተራበ ሆድ በአንዴ አይሞላም አለኝ። እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ሾፌር የሚያውቀውን አንተ፣ አራት ዓመት ተምረህ፣ አታውቅም? ወይስ «በሙሉ ጤንነት» ብለህ ስትፈርም ጤነኛ ውሻ የፈለገውን ይብላ ብለህ ነው? እኔ እኮ ወረቀትህን አመንኩ! ሁለት ኪሎ ሥጋ ያበላሁት ያንተን ፊርማ አይቼ ነው። በገዛ እጄ አስገደላችሁኝ።

ቁጥሩን ጻፍ። ሌላ ቃል አልፈልግም።

አረጋሽ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017

እትዬ

ሃያ ቀን።

ዳቦ መግዣው መጋቢት 13 ቀን አለቀ። ሻምበል እስከወጣበት እስከ ሚያዝያ 3 ሃያ ቀን ነው። በመሐሉ ሁለት ጊዜ እኔና ዘበኛው ከኪሳችን ደረቅ ዳቦ ገዝተን በአጥር አስገብተናል። ለአርባ ውሻ ነው፤ ለሻምበል አንዴ ደርሶታል፣ አንዴ አልደረሰውም። ውሃ ነበር።

ሌላ ቃል አልፈልግም ብለዋል፤ ግን ይህንን ካልነገርኩዎ የሕማማቱን ስግደት መስገድ አልችልም።

አውቅ ነበር። የተራበ እንስሳ መጀመሪያ ቀን በውሃ የቀጠነ አሬራ በሲኒ በሲኒ፣ ከዚያ ትንሽ ገንፎ፣ ሥጋ ከሳምንት በኋላ። ይህንን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ከቅጹ ጋር አያይዤልዎት ነበር። ኃላፊው ፋይሉን ሲያገላብጥ አገኘው። «ጤነኛ ነው ብለህ ፈርመሃል። ለጤነኛ ውሻ የበሽተኛ አመጋገብ እንዴት ታዝዛለህ? ወይ ፊርማህን አንሳ፣ ወይ ይህን ወረቀት» አለኝ። ፊርማዬን ካነሳሁ ሻምበል አይወጣም ብዬ አሰብኩ። ቋሚነቴንም አሰብኩ፤ አልዋሽም። ወረቀቱን እዚያው ፊቱ ቀደድኩት።

ለዱባለ በቃል መንገር እችል ነበር። «ቀስ አድርገው ይመግቡት በላቸው» ብል በቂ ነበር። ለምን አላልኩም? ካልኩ ስንት ቀን እንዳልበላ ይጠይቁኛል፤ ያንን መመለስ ፈራሁ። እርስዎን ፈራሁ እትዬ። የእርስዎን ቁጣ ስሸሽ ውሻዎን ገደልኩት።

አሁን ሠላሳ አራት ውሾች ቀርተዋል፤ አምስቱ ሞተዋል። ሥቅለት ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ባለቤቶች ከፋሲካ በፊት ውሻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ሃያ አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሁሉም ላይ «በሙሉ ጤንነት» ይላል። ፋሲካ ነው፤ ሁሉም ቤት አጥንት አለ። ምን ላድርግ ብዬ እርስዎን ለመጠየቅ አፍ የለኝም፤ ግን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ገመቺስ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017

ገመቺስ

ጋሽ ብዙነህ ቢኖር በጥፊ ይልህ ነበር። ከዚያ አብሮህ ይሄድ ነበር። እኔ በጥፊ የምልህ እጅ የለኝም፤ ያ ሥጋ ያቀረበ እጅ ነው።

ምን ላድርግ ትለኛለህ? ታውቀዋለህ እኮ! የቀደድከውን ወረቀት ሃያ አንድ ጊዜ መልሰህ ጻፈው። ስንት ቀን እንዳልበሉ ቁጥሩን ከላይ፣ አመጋገቡን ከታች፣ ስምህን ደግሞ በትልቁ። በየባለቤቱ እጅ ራስህ ስጥ። ፊርማህን አንሳ ካሉህ አንሳው። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ውሻውን በዓይኑ እያየ «አይወጣም» የሚል ኃላፊ ካለ እሱንም እንየው።

ቋሚነትህ ይቀር ይሆናል። አላዝንልህም። ለእናትህ ለድንቅቱ አዝናለሁ፤ ለእሷ እኔ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።

አራት ጀሪካን አሬራ በዱባለ ልኬአለሁ። ሁለቱ የጎረቤቶቼ ናቸው፤ አቤቱታው ላይ የፈረሙት ሰዎች። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ካሉ ዱባለ በሩ ላይ አውርዶት ይሄዳል፤ ሕዝብ እያየ ይድፉት።

አረጋሽ


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017

እትዬ

ዛሬ ቀዳም ሹር ነው፤ ከቤት ነው የምጽፈው። ከቀትር ጀምሮ ሥራ የለኝም።

ሃያ አንዱን ወረቀት ዓርብ ከስግደት መልስ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት በር ላይ ጠረጴዛ አወጣሁና ለመጀመሪያው ሰው፣ ጋራዥ ላለው ለአንድ የሰበታ ሰውዬ፣ ውሻውንና ወረቀቱን አብሬ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «ሠላሳ ሁለት ቀን ነው የሚለው?» አለኝ። የእሱ ውሻ ዳቦው ከመቆሙ አራት ቀን በፊት ታሞ መብላት አቁሞ ነበር። አዎ አልኩት። ቅጹን በሌላ እጁ ይዞ «ታዲያ ይሄ ላይ ጤነኛ ነው ብለህ ለምን ፈረምክ?» አለኝ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆሟል። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያያል።

«ዋሽቼ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ጩኸት ነበር። ሰውየው አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሴቶች አለቀሱ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ፤ ከበሩ ውጭ ነንና ማንም አልከለከለውም። ኃላፊው ወረቀቶቹን ሊሰበስብ እጁን ሲዘረጋ ሰዎቹ ቀድመው ነጥቀው የየራሳቸውን ፈለጉ። ሃያ አንዱም ወጡ፣ ሃያ አንዱም ወረቀታቸውን ይዘው።

ባለቤት የሌላቸው አሥራ ሦስት ውሾች ቀርተው ነበር። የጋራዡ ሰውዬ የእርስዎን ጀሪካን በር ላይ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ስነግረው አንዱን አንስቶ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። የንብረት ክፍሉ ሰው ደረሰኝ ሲል ማንም ዞር ብሎ አላየውም። በውሃ አቅጥነን በሣህን በሣህን ሰጠናቸው። አሥራ ሁለቱ ጠጡ። አንዷ አልጠጣችም፤ ዘበኛው ማታ በጣቱ ሊሞክርላት ቃል ገብቶልኛል።

በስድስት ሰዓት የእግድ ደብዳቤ ሰጡኝ። ምክንያቱ «የመሥሪያ ቤቱን መልካም ስም በማጉደፍ» ይላል። ፈርሜ ተቀበልኩ። በፋሲካ ሁልጊዜ እርስዎ ዘንድ እንደምውል ያውቃሉ። ዘንድሮ መምጣት አልደፍርም። ጫንጮ ሄጄ ከእናቴ ጋር እውላለሁ።

ገመቺስ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለገመቺስ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። እንደምን አደርክ?

ዱባለ ዛሬ ሥራ የለውም፤ ይህን የሚሰጥህ ጫንጮ ሳትነሳ አንተን ከቡራዩ ሊያመጣ ነው የመጣው። እናትህ ሌሊቱን ከጫንጮ ገብታ እዚህ ናት፤ ነግሬአታለሁ፣ አልቅሳለች፣ አሁን ሽንኩርት ትልጣለች። ጀዋሂርም ትመጣለች፤ ለእሷ ለብቻ ይሠራላታል።

ነገ ሰኞ ቢሮ ሲከፈት አብረን ሰበታ እንሄዳለን። «በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» ብዬ የፈረምኩት እኔም ነኝና ውሸቴን ፊታቸው ቆሜ አነሳለሁ። ስለ አሥራ ሁለቱም እንነጋገራለን፤ አሥራ ሦስት ከሆኑም ስለ አሥራ ሦስቱ።

ይቅር ገና አላልኩህም። ምሳ ግን አለ፤ ሳይቀዘቅዝ ድረስ።

አረጋሽ